የፓራፋንጎው ነገር

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ክረምት ሲገባ ይነዘንዘኛል። «ስድስት ዓመት ሙሉ የት ጠፍተህ ነው ዛሬ ጉልበትህን የምታወራኝ?» እንደምትል አውቃለሁ። እውነትህን ነው። ወደ ባህር ዳር ከተዛወርክ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውለህልኝ ስልኩን እያየሁት ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። በአጎትህ ለቅሶ ላይ ከሩቅ አየሁህና በጓሮ በኩል ወጣሁ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለእሱ ነው። ግን አንተ ሰላምታውን ሳታስጨርስ «መንገዱ እንዴት ነው?» የምትል ሰው ስለሆንክ፣ ከመንገዱ ልጀምርልህ።

መንገዱ የጣሊያን አገር መንገድ ነው። አዎ፣ ሄጄ መጣሁ። የእህቴ ልጅ፣ ያች በሚኒባስህ ጋቢና ተቀምጣ ጥሩምባውን ካልነካሁ እያለች የምታስቸግርህ፣ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በሐምሌ ተመረቀች። ትምህርት ቤቱ በ1088 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተመሠረተ የሚባል ነው። እነሱ አገር ተመራቂ ራሱ ላይ የቅጠል አክሊል ይደፋለታል፤ እኔም ልጁን እንደሚድር አባት ቆሜ አለቀስኩ። በማግስቱ «ጋሼ፣ መኪና ተከራይተን ፍሎረንስና ሲየና ደርሰን እንምጣ፤ መንዳቱን እንካፈላለን» አለችኝ። ዓለም አቀፉን የመንጃ ፈቃድ ደብተር ከአዲስ አበባ አስወጥቼ እንድመጣ ለምን በስልክ እንደወተወተችኝ ያኔ ገባኝ።

መኪና መከራየት ገንዘብ ሰጥቶ ቁልፍ መቀበል ይመስለኝ ነበር። የክሬዲት ካርድ ካልሆነ አንቀበልም አሉ፤ ካርዱም በዋናው አሽከርካሪ ስም መሆን አለበት። እኔ ካርድ የለኝም፤ ስለዚህ ዋናዋ አሽከርካሪ እሷ ሆነች። ዕድሜዋ ገና 24 ነውና «ወጣት አሽከርካሪ» ተብላ ጭማሪ ተጠየቀች። እኔ ሁለተኛ አሽከርካሪ ሆኜ ስመዘገብ ሌላ ጭማሪ። በዚያ ላይ መኪናው ቢጎዳ ብለው ከካርዷ 1,000 ዩሮ እንዳይንቀሳቀስ ያዙባት። ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ የጭማሪው ዝርዝር ረዘመ።

ከዚያ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ መጣችና መኪናዋን መዞር ጀመረች። ወረቀቱ ላይ መኪናዋ እንደ ተገፈፈ ቆዳ በአራቱም ጎን ተዘርግታ ተስላለች። ልጅቷ ጎንበስ ትላለች፣ በጣቷ ትዳብሳለች፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጭረት ስታገኝ ሥዕሉ ላይ ምልክት ታደርጋለች። የእህቴ ልጅም በበኩሏ በስልኳ ትቀርጻለች። በሩን፣ መስታወቱን፣ ቸርኬውን ሳይቀር። ሲያልቅ ፈርሙ አሉን። ወንድም ዓለም፣ እኔና አንተ ቁልፍ ስንቀባበል ያለን ውል «ዘይቷን እያት» ብቻ ነበር። ብዕሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ ልጅቷ ማንበብ ያቃተኝ መስሏት የምፈርምበትን ቦታ በጥፍሯ አሳየችኝ።

የያዝነው ኤ1 የሚሉትን መንገድ ነው። ከሚላኖ እስከ ናፖሊ 760 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል፤ በ1964 እንደ እነሱ አቆጣጠር ነው ተሠርቶ ያለቀው፤ «የፀሐይ አውራ ጎዳና» ይሉታል። መግቢያው ላይ ማሽን ቲኬት ይሰጥሃል፤ መውጫው ላይ እንደሄድክበት ርቀት ትከፍላለህ። ቢጫ ምልክት ያለበት በር ሰልፍ የለበትም። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ወደዚያ ስጠመዝዝ የእህቴ ልጅ ጮኸች፤ ለካ መስታወታቸው ላይ መክፈያ መሣሪያ ለለጠፉ ብቻ የተተወ ነው። የፍጥነቱ ወሰን 130 ነው፤ ዝናብ ሲሆን ወደ 110 ይወርዳል። ካሜራ ሲያዩ ቀንሶ ካለፉ በኋላ መልቀቅ የሚባለው የእኛ ብልሃት ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንዱ ቦታ ሁለት በሮች መካከል የፈጀብህን ጊዜ አስልቶ አማካይ ፍጥነትህን ያወጣል። መካከለኛውን መስመር ይዤ ተዝናንቼ ስሄድ ከኋላዬ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። እኔ ፊት ለፊት ትራፊክ ፖሊስ አለ የሚለኝ መስሎኝ እጄን አንሥቼ አመሰገንኩት። ለካ ቀኙ ባዶ ከሆነ ቀኝህን ያዝ ነው የሚለኝ።

ከቦሎኛ ወደ ፍሎረንስ ተራራ አለ። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በ2015 እንደ እነሱ አቆጣጠር የተከፈተው አዲሱ ነው፤ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አለበት። ሌላው ተራራውን እየዞረ የሚሄደው አሮጌው ነው። አሮጌውን ያዝኩ። ሌላ የምወስድ መስሎህ ነው? ቁልቁለቱ ሲጀምር እጄ ሳላዝዘው ማርሹን ቀነሰ። ደጀን አፋፉ ላይ አቁመህ፣ ዓባይ በረሃ ከታች ጉም ለብሶ፣ «ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ፤ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጠው» ያልከኝን ቀን አስታወስኩ። ያን ቀን ከፊታችን የነበረው የጭነት መኪና ፍሬን ተቃጥሎ የሸተተን ሽታ ተራራው ላይ አፍንጫዬ ውስጥ መጣ። የእህቴ ልጅ ግን «ጋሼ፣ ሞተሩ ለምን ይጮኻል?» ትለኛለች። ይጩኽ አልኳት።

ፍሎረንስ ላይ አንተም ብትሆን ትሳሳት ነበር፤ እሱ ያጽናናኛል። የድሮ ከተሞቻቸው መሀል ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል አለ፤ ዜድ ቲ ኤል ይሉታል። በሩ ላይ ሰው የለም፣ ገመድ የለም፤ ነጭ ላይ ቀይ ክብ፣ ከሥሩም በመብራት «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ቫርኮ መግቢያ እንደሆነ ልጅቷ ነግራኛለች፤ አቲቮውን ራሴ ተረጎምኩትና «ክፍት ነው» ብዬ ገባሁ። እሷ አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ ሆቴሉን ትፈልግ ነበር። ለካ «መቆጣጠሪያው እየሠራ ነውና እንዳትገባ» ማለት ኖሯል! መንገድ ጠፍቶኝ ዞሬ በሌላ በር ደግሞ ገባሁ። ካሜራው ሁለቱንም ጊዜ አንሥቶናል። መጀመሪያ አከራዩ «ስማችሁን ለፖሊስ ለሰጠሁበት» ብሎ ከካርዷ ቆረጠ፤ ቅጣቱ ራሱ ደግሞ ባለፈው ወር ቤቷ ድረስ በፖስታ መጣላት። በ5 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ከመቶ ሠላሳው ይነሣልና ሮጣ ከፈለች። እኔ ማርቆስ ተቀምጬ በአገልግሎት ክፍያ ላይ አገልግሎት ክፍያ ስትቆጥርልኝ በስልክ እሰማለሁ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ነጭ መስመር ላይ ማቆም በነጻ ነው፤ ሰማያዊው በክፍያ ነው፤ ቢጫውን አትንካው። ነዳጅ ራስህ ከቀዳህ ይረክሳል፤ ሰው ከቀዳልህ ይወደዳል። «ጋዞሊዮ» የሚለው ናፍታ ነው፤ ቤንዚን መኪና ይዘህ እንዳትሞላው። ለእግረኛ ይቆማሉ። አህያ መንገድ ላይ የለም፤ ብታምንም ባታምንም አህያ ናፈቀኝ።

ሲየና ስናቆም የኋላውን ቀኝ ጎማ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር አላጋሁት። ቸርኬው ተቧጨረ፤ ቆይቶም የጎማ አየር መብራት በራ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ኋላውን ከፈትኩ፤ ተጠባባቂ ጎማ የሚባል የላትም፤ አንዲት ጠርሙስ ማጣበቂያና የአየር መንፊያ ብቻ። ቀስ እያልን አንድ መንደር ደረስን። ከጋራዡ በር በላይ በትልቁ «ጎሚስታ» ተብሎ ተጽፏል። ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ባለቤቱ ሰባውን ያለፈ ሽማግሌ ነው። የእህቴ ልጅ ልታስተረጉም ስትጠጋ ገለል አደረግኳትና ጎማውን አሳየሁት። «ጎማ» አልኩት። «ጎማ!» አለ። ቸርኬውን ነካሁ፤ «ቸርኬ»። «ቸርኪዮ» ብሎ አረመኝ፤ ዓይኑ ግን በራ። ከዚያ ጨዋታው መጣ። ሽማግሌው በጣቱ ይጠቁማል፣ እኔ እናገራለሁ፦ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ካንዴላ። ካቻቢቴ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፤ እሱንም አወቅሁት። ልጁን ከውስጥ ጠርቶ «ና ይህን ሰው ስማ» አለው። የት ተማርክ ብሎ አስጠየቀኝ፤ ማርቆስ መናኸሪያ አልኩት። አያቴ ከበላይ ዘለቀ ጋር በረሃ ለበረሃ ሲያሳድዳቸው የነበሩ ሰዎች አገር ገብቼ፣ ጎማ ስናስነፋ በእነሱው ቃል ስንሣሣቅ ቢያየኝ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ታዲያ ሽማግሌው በመጨረሻ የመኪናዋን የኋላ ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ጠበቀኝ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። አንተም ታውቀዋለህ። አልወጣልህ አለኝ። ሽማግሌው የማላውቀው መስሎት፣ ሊረዳኝ፣ ቃሉን ቆራርጦ «ፓ-ራ-ፋን-ጎ» አለ። ከዚያም ለእህቴ ልጅ ፋንጎ ማለት ጭቃ እንደሆነ አስረዳት፤ የጭቃ መከላከያ። እኔ ዝም አልኩ።

ቦሎኛ ተመልሰን መኪናዋን ስናስረክብ የተቀበለን ሰው ቸኩሎ ነበር። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ቸርኬውን አላየውም፤ ሊፈርምልን ብዕር አወጣ። እኔ ወዲያ ዞሬ ሰማዩን አያለሁ። የእህቴ ልጅ «እዚህ ጋ ደግሞ ቧጭረነዋል» አለችው፣ ጨው አቀብለኝ እንደምትል፣ ድምጿ ሳይለወጥ። 140 ዩሮ ተቆረጠባት። በአውቶቡስ ስንመለስ ምንም አላለችኝም። ምን ትበለኝ? እሷ እኮ ምንም አላደረገችም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሚያዝያ 2005፣ ለዘመዴ ሠርግ ሉማሜ ልሂድባት ብዬ ሚኒባስህን ተዋስኩ። በድንኳኑ ጓሮ ወደ ኋላ ስሄድ ከባሕር ዛፍ አጥር ጋር አጋጨኋት፤ ከኋላው በር ጀምሮ ፓራፋንጎው ድረስ ተላጠ። ሌሊት ሲዘንብ መጥቼ ግቢህ ውስጥ አቆምኳት፤ ቁልፉንም ለባለቤትህ ሰጥቼ ሄድኩ። ጠዋት ልነግርህ ነበር የመጣሁት። ስገባ አንተ ረዳቱን አቁመህ ትጮህበታለህ፤ ሌሊት አጥቦ ሲያስጠጋት ያደረገው መስሎሃል። ልጁ «አባቴ ይሙት» ይላል። ለእኔ መቀመጫ ተሰጠኝ፣ ቡና ተቀዳልኝ፤ ቡናውን ጠጣሁት። ሁለተኛውንም ጠጣሁ። ሦስተኛው ሳይደርስ ልጁን አባረርከው፤ የወር ደመወዙንም ለቅብ ያዝክበት። ከዚያ በኋላ ዓይንህን ባየሁ ቁጥር ያ ሲኒ ትዝ ይለኛል፤ ቀስ በቀስም ማየቱን ተውኩ።

ከጣሊያን እንደተመለስኩ አፈላለግሁት። ቡሬ ነው ያለው፤ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ባጃጁ የራሱ ናት። መናኸሪያው ጋ እንደ ተሳፋሪ ገባሁበትና እየሄድን ነገርኩት። ባጃጁን ጥግ አስይዞ አቆመ። «አውቅ ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ። «ሌሊት በባትሪ አይቼዋለሁ፤ እርስዎ ሲወጡም በመስኮት አይቼዎታለሁ።» ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብለው፣ «እርስዎ መምህር ነዎት፤ እኔን ማን ያምነኛል?» አለ። ቁጣ የለበትም። እሱ ነው የገደለኝ።

የተያዘበትን ደመወዝና ጥቂት ጨምሬ በፖስታ ይዤለት ነበር። ቆጠረው። የእሱን ያህል ለይቶ ወሰደ፤ ትርፉን መለሰልኝ። ስወርድም የመንገዱን ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ከፈልኩት። «ለእሳቸውም ይንገሩልኝ» አለ፤ አንተን ነው። ይኸው ነገርኩህ።

የፓራፋንጎውን ወጪ ይዤ ለኅዳር ጽዮን ባህር ዳር እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ብትደውል አነሣለሁ።

ወንድምህ