ለፎቶ ብቻ አትጥሩን፦ ለብስክሌት ንግድ ትርዒት አዘጋጆች የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ የብስክሌት ንግድ ትርዒቱ አዘጋጅ ክፍል

ጉዳዩ፦ በትርዒቱ ላይ ለተጋበዙ የሕዝብ ደህንነት ብስክሌተኞች ስለተደረገው መስተንግዶ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በብስክሌት የምሠራ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ለቡድናችን ብስክሌትና መሣሪያ የምመርጠው እኔ ነኝ። አዲስ የሚገቡትን የማሰለጥነውም እኔ ነኝ። ወደ ትርዒታችሁ የመጣሁት ጠርታችሁኝ ነው። በግብዣችሁ ላይ ፖሊሶች፣ የአምቡላንስ ሠራተኞችና የጥበቃ ብስክሌተኞች ከአምራቾች ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ልዩ ፕሮግራም እንደተዘጋጀ ተጽፎ ነበር። እኛም አምነን መጣን። የመግቢያውን ክፍያ ቡድናችን ከስልጠና በጀቱ ቀንሶ ነው የከፈለው። ያ በጀት ደግሞ ሲበዛ ጠባብ ነው።

ችግሩ የጀመረው ገና መመዝገቢያው ላይ ነው። ፎርሙ ሻጭ፣ አምራች፣ አስመጪና ጋዜጠኛ የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ለእኛ የሚሆን የለውም። የተመደብነው «ሌላ» በሚለው ውስጥ ነው፤ ባጃችን ላይም ይኸው ተጻፈ። ይህ ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ግን የአምራቾቹ ሠራተኞች ሰው ሲቀርባቸው መጀመሪያ የሚያዩት ባጁን ነው። አንዱ ማሳያ ላይ የቆመ ወጣት ባጄን አየና በፈገግታ የተለጣፊ ወረቀት ከረጢት ሰጠኝ። ከዚያ ከኋላዬ ወደ ነበረው የሱቅ ባለቤት ዞረ። ልጁን አልወቅስም። ማን እንደሆንኩ የሚነግረው ነገር አልነበረም። ያን መንገር የእናንተ ሥራ ነበር።

የመገናኛ ፕሮግራሙ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ላይ ተመደበ። በንግድ ትርዒት ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያ ሰዓት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ማሳያዎች ይፈርሳሉ፣ ካርቶን ይታሸጋል፣ ሰው ሁሉ ልቡ መንገድ ላይ ነው። የዲዛይን መሐንዲሶቹ ቀድመው ሄደዋል። ክፍሉ ውስጥ የጠበቁን ጥቂት የሽያጭ ሠራተኞች ናቸው። ትሁት ሰዎች ናቸው፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ነገር ግን የጠየቅናቸውን የሚመልሱበት እውቀት በእጃቸው አልነበረም። «ኢሜይል ላኩልን» ተብለን ተለያየን።

ምን ልንጠይቅ እንደመጣን ብታውቁ ነገሩ ለምን እንዳሳዘነኝ ይገባችኋል።

የእኔ ብስክሌት ኦክስጅን፣ የልብ ምት መመለሻ መሣሪያ፣ የቁስል ማሰሪያና ሌላም ዕቃ ይጭናል። ጭነቱ በጠቅላላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ታዋቂ የሆኑ አንዳንድ አምራቾች ደግሞ የነጂው፣ የጭነቱና የብስክሌቱ ክብደት ተደምሮ ከ136 ኪሎ ግራም እንዳያልፍ ይወስናሉ። ግዙፍ ሰው ከነዩኒፎርሙና ከነጫማው ሲቀመጥበት ወሰኑ ጋ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። በዚህ ላይ እኛ ለስላሳ መንገድ መርጠን አንነዳም። ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ እንወርዳለን፣ ደረጃ እንወርዳለን፣ በሕዝብ መሃል በእግረኛ ፍጥነት እንሄዳለን። ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና የብረት አካል) ይህን ስንት ዓመት ይችላል? የኋላ ጎማ ራጂዎች (የጎማውን ክብ ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) በየስንት ጊዜው መታየት አለባቸው? ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ በዚህ ጭነት ሲግል ምን ይሆናል? መልሱ ያለው ብስክሌቱን የነደፈው ሰው ዘንድ ነው።

የዋስትናውም ጉዳይ አለ። ብዙ የዋስትና ወረቀቶች ለንግድ ወይም ለኪራይ የዋለ ብስክሌትን አይሸፍኑም። የአምቡላንስ ብስክሌት በየትኛው ነው የሚቆጠረው? ይህን በአካል ለመጠየቅ ነበር የመጣሁት። አሁንም መልስ የለኝም።

ስለ መሞከሪያ ሜዳው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የጭነት ቦርሳዎቻችንን ከነዕቃቸው ይዘን የመጣነው ብስክሌቶቹን በእውነተኛ ክብደት ለመሞከር ነው። በሩ ላይ «ጭነት አይፈቀድም» ተባልን። ምክንያቱ ኢንሹራንስ እንደሆነ ተነገረን። ሜዳው ራሱም እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አስፋልት ነበር። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር አንዱ ብስክሌት ቆሞ ሳለ ቦርሳ ለመስቀል ፈቃድ ለመንን፤ ይህ ተፈቀደልን። የኋላ መጫኛው ላይ ቦርሳውን ሰቅለን ባልደረባዬ ወጥታ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞር ተረከዟ ቦርሳውን መታው። ሁለተኛውም ዙር እንደዚያው። ቦርሳውን ወደ ኋላ ስናስጠጋው ደግሞ ክብደቱ ከኋላ ጎማው አልፎ ወጣና የፊቱ ጎማ ቀለለ። መሪው በእጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየን። ይህን ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀም። የብስክሌቱ ነዳፊ አጠገባችን ቢቆም ኖሮ የኋላውን ቴላዮ ትንሽ ማርዘም እንዳለበት እዚያው ያይ ነበር።

«ገበያችሁ ትንሽ ነው» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እውነት ነው፣ እኛ ጥቂቶች ነን። ከቤተሰብና ከስፖርት ብስክሌት ገዢ ጋር በቁጥር አንወዳደርም። ነገር ግን ለኢንዱስትሪው ያለን ጥቅም በገዢ ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። እኛ ሙሉ ፈረቃ፣ ቀን ከቀን፣ ክረምት ከበጋ ኮርቻ ላይ የምንውል ሰዎች ነን። አንድ ተራ ተጠቃሚ በዓመታት የሚደርስበትን ችግር እኛ በወራት ውስጥ እናገኘዋለን።

ለዚህ ከኮርቻው ታሪክ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። የተለመደው ኮርቻ ወደ ፊት የሚወጣ ሹል ጫፍ አለው። ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡበት በእግሮች መሃል ያሉትን ነርቮችና የደም ሥሮች ይጫናል፤ መደንዘዝ ያመጣል። ሰው ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ያፍራል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ተደባብሶ ቆየ። የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ግን የብስክሌት ፖሊሶችን ይዞ አጠናው። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት 90 ፖሊሶች ያን ሹል ጫፍ አውልቆ የተሠራውን ኮርቻ ለ6 ወር ተጠቀሙ። መደንዘዙ በእጅጉ ቀነሰ። ጥናቱ ሲያልቅ ከጥቂቶች በቀር ወደ ድሮው ኮርቻ የተመለሰ አልነበረም። ይህ እውቀት የተገኘው በሥራ ላይ ካሉ ብስክሌተኞች አካል ነው። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ለማንም ሰው ይጠቅማል። ኢንዱስትሪው እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማው የት ነው? እናንተ በምታዘጋጁት ዓይነት መድረክ ላይ መሆን ነበረበት።

ደግሞም አዲስ መጤዎች አይደለንም። የሲያትል ፖሊስ በ1987 እ.ኤ.አ. መኪና በመሃል ከተማው መጨናነቅ ሲያዝበት መኮንኖቹን በብስክሌት አሰማራ፤ ዘመናዊው የብስክሌት ፖሊስ በብዙዎች ዘንድ ከዚያ ይቆጠራል። የለንደን አምቡላንስም በ2000 እ.ኤ.አ. በብስክሌት ሕሙማን ጋ መድረስ ጀምሯል። በሌላ በኩል የምንገናኝባቸው መድረኮች እየጠበቡ ነው። የሰሜን አሜሪካው ትልቅ ትርዒት ኢንተርባይክ ከ2018 እ.ኤ.አ. በኋላ አልተካሄደም። ስለዚህ የእናንተን ግብዣ ሳይ ከልቤ ነበር የተደሰትኩት። ቅሬታዬም የበረታው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ከፍቶኛል። በመክፈቻው ጠዋት በዩኒፎርም ሆነን በዋናው በር ላይ ከብስክሌቶቻችን ጋር እንድንቆም ተጠየቅን። ቆምን። ፎቶ ተነሳን። ፎቷችን ለትርዒቱ ማስታወቂያ ዋለ። ለፎቶው ጊዜ፣ ቦታና ሰው ተገኘ፤ ለጥያቄያችን ግን አልተገኘም። እኔ ይህን ዩኒፎርም ለብሼ ልባቸው የቆመ ሰዎች አጠገብ ተንበርክኬያለሁ። ለበር ማስጌጫ እንዲሆን አልፈልግም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በቀጣዩ ትርዒት በመመዝገቢያው ላይ የሕዝብ ደህንነት ብስክሌተኞች የሚል የራሳችን ምድብ ይኑረን፤ አምራቾችም ዝርዝራችንን አስቀድመው ይድረሳቸው። የመገናኛው ሰዓት ትርዒቱ በሚሞቅበት ቀን ይሁን። ከሁሉም በላይ መሐንዲሶቹ ይገኙ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዢ በአብዛኛው የሚፈጸመው በጨረታ ነው። የጨረታውን የቴክኒክ ዝርዝር የምንጽፈው እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ነን። ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ ሻጭ ቢመጣ ጊዜው አልፏል። ቀድመን ከመሐንዲስ ጋር ከተነጋገርን ግን የምንጽፈው ዝርዝር ሊሠራ የሚችል፣ ለሠራተኛውም የሚመች ይሆናል። ይህ ለአምራቹም ይበጃል።

መሞከሪያው ላይ ጭነት እንዲፈቀድ ከኢንሹራንሱ ጋር ተነጋገሩ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝና ጥቂት ደረጃዎች ያሉበት አጭር መስመር ቢሠራ ይበቃናል፤ አሰልጣኝ ካስፈለገ በነፃ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ። የቡድኖቻችን መካኒኮችም ከፋብሪካ ባለሙያ ጋር ሆነው ፍሬንና ጎማ የሚፈቱበት አንድ የስልጠና ሰዓት ቢመደብላቸው በጣም ይጠቅማል።

ፎቶዎቻችንን በተመለከተ፣ የተገባልን ፕሮግራም በወጉ እስኪካሄድ ድረስ ከማስታወቂያችሁ እንዲነሱ እጠይቃለሁ። የከፈልነውም የመግቢያ ክፍያ ለቡድናችን ይመለስልን፤ ወይም ለሚቀጥለው ትርዒት ተይዞልን በጽሑፍ ይረጋገጥልን። ደረሰኙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤአለሁ። የጠየቅናቸውንና ሳይመለሱ የቀሩትን ቴክኒካዊ ጥያቄዎች ዝርዝርም እንዲሁ። ለሚመለከታቸው አምራቾች አድርሱልን፤ የማን እጅ ላይ እንደደረሰም አሳውቁኝ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የብስክሌት ድንገተኛ ሕክምና ቡድን አሰልጣኝና የመሣሪያ ኃላፊ