ባሕሩ ሐምራዊ ሆነ ተብሎ ላፕቶፕ ፎርማት ይደረጋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከ1995 እስከ 2001 ዓ.ም. ግን ያችው ክፍል ጌም ቤት ነበረች። አራት ፔንቲየም 3 ኮምፒውተሮች ነበሩኝ። ልጆቹ በግማሽ ሰዓት ሂሳብ ይጫወታሉ፤ መብራት ሲሄድ የቀረቻቸውን ደቂቃ በደብተር እይዝላቸዋለሁ። ይህን የማነሳው ቀጥሎ የምጽፈው በወሬ የሰማሁት አለመሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

ባለፈው ወር አንድ የባጃጅ ሹፌር ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ በዝናብ መጣ። መልኩን ሳይ ለየሁት። ያኔ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ሳንቲም ሲያልቅበት ከኋላ ቆሞ የሚጫወቱትን “በግራ! በግራ ሂድ!” እያለ የሚያበሳጭ ልጅ ነበር።

“አዴ፣ አስታወሱኝ?” አለኝ። እንዴት እረሳዋለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 7 ያለበት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። የልጅነቱን ጨዋታ፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን ጫነበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የጦርነት ጨዋታ ነው። ሲከፍተው ባሕሩ ሐምራዊ፣ ሣሩ ቀይ ሆነበት። ጥገና ቤት ወሰደው። የቱ ጥገና ቤት እንደሆነ አልጽፍም። “ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፤ ለመቀየር 7 ሺህ ብር” አሉት። የለኝም ሲላቸው “እንግዲያው ፎርማት እናድርገውና እንየው” አሉ። ተደረገ። 400 ብር ከፈለ። ቤቱ ሄዶ ጨዋታውን መልሶ ሲጭነው ባሕሩ ያው ሐምራዊ ነው።

ላፕቶፑን ስፈትሸው ግራፊክሱ፣ ማለትም ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ክፍል፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ተነቅሎ የሚቀየር ካርድ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ምኑን ሊቀይሩለት ነበር? ደግሞስ የተቃጠለ ካርድ ጨዋታ ይመርጣል እንዴ? ላፕቶፑ ገና ሲበራ፣ ዊንዶውስ ሳይመጣ፣ መስመርና ነጠብጣብ የሚያሳይ ከሆነ ዕቃውን መጠርጠር ያባት ነው። ቪዲዮው ጥሩ፣ ፎቶው ጥሩ፣ አንድ አሮጌ ጨዋታ ብቻ ቀለሙ ሲዛባ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጨዋታውና የዊንዶውሱ አለመግባባት ነው።

አለመግባባቱን ለሹፌሩ በቡና አስረዳሁት። የዚያ ዘመን ጨዋታዎች ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ የሚያሳዩት 256 ቀለም ብቻ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ቀለም የለም፤ ቁጥር ነው ያለው። የትኛው ቁጥር የትኛው ቀለም እንደሆነ የተጻፈው ለብቻው፣ ፓሌት በሚባል ዝርዝር ላይ ነው። የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያው ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎ፣ የታጠበው ያልታጠበው የሚለየው በመዝገብ እንደሆነ አስቡት። አንድ ሰው መዝገቡን ቢነካካ ጆንያዎቹ ሳይንቀሳቀሱ ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል። ዊንዶውስ 7 ላይ መዝገቡን የሚነካካው ኤክስፕሎረር ነው፤ ዴስክቶፑንና ከታች ያለውን አሞሌ የሚያሳየን ፕሮግራም ማለት ነው።

ስለዚህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩና ኤክስፕሎረርን ዘጋሁት። ዴስክቶፑ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ሹፌሩ “አዴ፣ ጨረሱት!” ብሎ ብድግ አለ። እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ፋይል፣ ቀጥሎ ኒው ታስክ ብዬ ጨዋታውን አስነሳሁ። ባሕሩ ሰማያዊ። ከጨዋታ ሲወጣ በዚያው መንገድ ኤክስፕሎረር ብሎ ጽፎ ዴስክቶፑን ይመልሳል።

በየቀኑ እንዲህ ማድረግ ግን አሰልቺ ነው። ለዘለቄታው ሲኤንሲ ዲድሮው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩለት። የድሮውን የሥዕል ትእዛዝ ተቀብሎ አዲሱ ማሽን በሚገባው መንገድ ያቀርባል። የሚቀመጠው ጨዋታው ያለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ዊንዶውሱ ፎልደር ውስጥ እንዳትከቱት፣ አደራ። ፋይሉንም ከራሱ ከሠሪው ገጽ አውርዱ። “የጠፋ ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ፋይል) እዚህ አለ” እያሉ ከሚጠሩ ገጾች ያወረደ ቫይረስ ቢያገኘው አይገረም።

ፈረሶቹም ወፍረው ነበር። ጨዋታው የተሠራው ለአራት ማዕዘኑ ለዚያ ለድሮው ስክሪን ስለሆነ ሰፊው ስክሪን ላይ ይለጠጣል። ግራፊክሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የምስሉን መጠን ጠብቅ የሚለውን መምረጥ ነው። ግራና ቀኝ ጥቁር ይሆናል፤ ምንም አይደል።

ሁሉም ጨዋታ በአንድ መድኃኒት አይድንም። ከዊንዶውስ በፊት የነበሩት የዶስ ዘመኖቹ፣ በተለይ አዲስ ማሽን ላይ እንደ አበደ የሚሮጡት፣ ዶስቦክስ የሚባል ፕሮግራም ይፈልጋሉ፤ እዚያ ውስጥ ኮንትሮልና ኤፍ 11 ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቩዱ ለሚባሉት የድሮ ግራፊክስ ካርዶች ግላይድ በሚባለው ቋንቋ ለተጻፉት ደግሞ ዲጂቩዱ የሚባል አስተርጓሚ አለ። የቩዱ ካርድ ሠሪው ኩባንያ ከገበያ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚሁ ጨዋታ በወጣ ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ሾተል ይዘው ገብተዋል። ለሹፌሩ ብነግረው “እኔ የማውቀው የድሮውን ነው” አለኝ። አልፈረድኩበትም።

የከተማችን የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎችን አንድ ነገር ልለምን። ፎርማት እንደ አሞክሳሲሊን ሆኗል፤ ላሳለውም ለታመመውም ይታዘዛል። እስቲ መጀመሪያ ሌላ ጨዋታ፣ ሌላ ቪዲዮ ክፈቱበት። ፎርማት የግድ ከሆነ ደግሞ “ውስጡ ምን አለ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ በፍላሽ ገልብጡለት። ጋዜጣችሁም ለእንዲህ ያለ ነገር ትንሽ ዓምድ ቢሰጥ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

እንዲህ የምለው ያለምክንያት አይደለም። ላፕቶፑ ውስጥ የሹፌሩ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ያነሳቸው ፎቶዎች ነበሩ። ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን አሮጌው ፋይል የነበረበት ቦታ ላይ አዲሱ ይጻፍበታል። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፍቼ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። 14 ፎቶ አገኘሁ። የስድስቱ የታችኛው ግማሽ ግራጫ ነው።

ስሜ ይቆየኝ
ከጅማ