ጥላዬ ጥሎኝ የሄደ ሌሊት

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ታናሼ ትናንት ደውሎ «አንተ ያለህበት አገር ከሰማይ እሳት ወረደ መባሉን ሰምታ እማዬ እንቅልፍ አጥታለች» ስላለኝ ነው። እሳቱን አይቼዋለሁ። አልነካኝም፤ አጠገቤም አልደረሰ።

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም የወለል ውኃ ልደፋ ከመጋዘኑ ወጣሁ። ባልዲውን እንዳንጠለጠልኩ ግቢው በአንዴ ቀን ሆነ። መጀመሪያ ያየሁት ሰማዩን እንዳይመስልሽ፤ መሬት ላይ ያለውን የራሴን ጥላ ነው። እኔ ቆሜያለሁ፣ ጥላዬ ግን ጥሎኝ ይሄዳል። የመብራት ምሰሶውም፣ የቆሙት መኪኖችም ጥላ አብሮት ይዞራል። ቀና ስል ራሱ አረንጓዴ፣ ጅራቱ ብርቱካናማ የሆነ ብርሃን ሰማዩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ደረስኩበት። መጨረሻው ላይ ሦስት ቦታ ተሰባብሮ ጠፋ። ይኼ ሁሉ አምስት ሰከንድ አይሞላም። ኮሽ ያለ ነገር የለም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ከመጋዘኑ ጀርባ ወደቀ!» ብሎ ባትሪ ይዞ ሮጠ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእኔም እዚያው የወደቀ መስሎኝ ነበር። ምን ያገኛል! ተወርዋሪ ኮከብ መንደድ የሚጀምረው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ስሙ ኮከብ ይሁን እንጂ ድንጋይ ነው፤ በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ሲመጣ ፊቱ ያለው አየር ይጨመቅና ይግላል፣ ያ ግለት ነው የሚያቀልጠው። ልጁ ባዶ እጁን እያለከለከ ሲመለስ ነው ድምፁ የመጣው፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ፣ ሩቅ ቦታ ትልቅ የብረት በር የተዘጋ ይመስል ዱም! ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል፣ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ እየተጓዘ ነው የሚከተለው።

ይህን ያህል የዘበዘብኩት ለአንድ ነገር ነው። በፈረንጆች 2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን ድንጋይ አየር ላይ ፈንድቶ 1,500 ያህል ሰው ተጎዳ። የሞተ የለም። ብዙዎቹን የጎዳቸው ድንጋዩ ሳይሆን መስታወት ነው፤ ብርሃኑን አይተው ምንድን ነው እያሉ መስኮት ላይ ቆመው ሳሉ ግፊቱ ደርሶ መስታወቱን በላያቸው አረገፈው። አንቺ ደግሞ ኮሽ ባለ ቁጥር መስኮት ላይ ነሽ! እንዲህ ያለ ብርሃን ካየሽ ከመስኮት ራቂልኝ፣ ልጆቹንም አርቂ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ማውጣቱ ትዝም አላለኝ። ደግነቱ የግቢው ካሜራ ቀርጾታል፣ ለታናሼ ልኬለታለሁ፣ ያሳይሽ። ድምፅ የለውም። ከምሰሶው አጠገብ ባልዲ ይዞ የተገተረው እኔ ነኝ። ወፍሬ አይምሰልሽ፣ ጃኬቱ ነው።

ልጅሽ