የሶፋው ዋስትና ይቅርብሽ

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ይድረስ ለናፈቅሁሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ያን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ቆይተን የመጀመሪያው መልእክትሽ ስለ ሶፋ መሆኑ ብቻዬን አሳቀኝ። እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ! በዚያ ብርድ አገር በሚኒሶታ የራስሽን በር ከፍተሽ መግባትሽን ስሰማ እልል ነው ያልኩት። የቀረውን ወሬ በስልክ እናወጋዋለን። ሻጩ እስከ ቅዳሜ መልስ ይጠብቃል ስላልሽኝ “ከሶፋው ጋር ዋስትናውንም ልግዛ?” ብለሽ የጠየቅሽኝን ላስቀድም።

ሶፋው 1,800 ዶላር፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሶፋው ቢቆሽሽ ወይም ቢቀደድ እናስተካክላለን የሚል የአምስት ዓመት የጥበቃ ውል 250 ዶላር። ሶፋውን ግዢ፤ ውሉን ተዪው።

ይህን የምልሽ ከውጭ ሆኜ አይደለም። የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ በሻጭነት ስሠራ አለቃችን ማታ የሚጠይቀን ስንት ሶፋ እንደሸጥን ሳይሆን ከስንቱ ጋር ውሉን እንዳስገዛን ነበር። መደብሩ ከሶፋው ይልቅ የሚያተርፈው ከወረቀቱ ነው፤ ለእኛም ኮሚሽን ነበረው። ለዚህ ነው ነገሩ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚነሣው። ደንበኛው መርጦ፣ ተከራክሮ፣ ደክሞት ካርዱን ካወጣ በኋላ “በወር ሲሰላ እኮ አራት ዶላር ቢሆን ነው” እንላለን። አብሮት ልጅ ካለ ደግሞ ልጁን እያየን ፈገግ እንላለን።

ወረቀቱ በትልልቁ የሚጽፈው ቡና፣ ወይን፣ የብዕር ቀለም፣ መቀደድ፣ መቃጠል ነው። በደቃቁ የተጻፈው ግን ሁሉንም በአንድ ገመድ ያስረዋል፤ ጉዳቱ ድንገተኛ መሆን አለበት። በአንድ ቀን፣ በአንድ አጋጣሚ የደረሰ፣ ምክንያቱ የታወቀ፣ ውሉ በሰጠው የቀን ገደብ ውስጥ የተነገረ። ስልኩን የምታነሣው ልጅ “መቼ ሆነ? ምን ፈሰሰበት?” ትልሻለች። “እንጃ፣ ሳናየው ቆይቷል” ካልሽ ጉዳይሽ እዚያው ይዘጋል።

አንዲት ደንበኛችን ትዝ ትለኛለች። እናቷን ከአገር ቤት አምጥታ ክሬም ቀለም ያለው ሶፋ ገዛችላቸው፤ ውሉንም ከፈለች። እናት ፀጉራቸውን ቅቤ ይቀባሉ፤ ነጠላቸውን ጣል አድርገው የሚቀመጡትም ሁልጊዜ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ጥግ ነው። ዓመት ሳይሞላ መደገፊያው ላይ የራሳቸው ቅርጽ ጠቁሮ ወጣ። ልጅቱ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ ይዛ መጣች። ውሉ ላይ ግን የሰውነትና የፀጉር ቅባት፣ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ እድፍ፣ ከሽፋኑ ውጭ ተብሎ ተጽፏል። “ታዲያ እናቴ ድንገት ነው እንዴ የምትቀመጠው?” አለችኝ። ምን ልበላት?

የእኛን ቤት ሶፋ የሚገድለው ደግሞ ይኸው ነው። ሰው በመጣ ቁጥር እዚያው መቀመጥ፣ የዕጣን ጢስ፣ የስፖንጁ መጎድጎድ፣ በፀሐይ መንጣት። ከቆዳ ፍርፋሪና ከፕላስቲክ ተጋግሮ “ቆዳ” እየተባለ የሚሸጠው ሲላጥም ብዙዎቹ ውሎች አይመለከተንም ይላሉ። እንጨቱ ቢሰበር ወይም ሞላው ቢላቀቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው አምራቹ ነው። በፈረንጆች 1975 የወጣው ማግነሰን-ሞስ የሚባለው የፌደራል ሕግ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው፤ ዋስትና በዕቃው ዋጋ ውስጥ ያለ ቃል ኪዳን ነው፣ የአገልግሎት ውል ግን ተጨማሪ የሚከፈልበት ነው። ሻጩ ሁለቱንም “ዋስትና” እያለ ቢጠራቸው አትደናገሪ፤ የአምራቹን ወረቀት ለብቻው አምጣልኝ በይው።

ጥያቄሽ ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ መጀመሪያ የሚላክልሽ የማጽጃ ጠርሙስ ነው። ካልለቀቀ ባለሙያ፣ ካልሆነ የተበላሸው ክፍል መቀየር፣ ሁሉም ካልተቻለ በስንት መከራ ምትክ ዕቃ ይሰጥሻል። ምትኩን የምትመርጪው ብዙ ጊዜ ከዚያው ከገዛሽበት መደብር ነው፤ መደብሩ ከሌለስ? እዚህ ቴክሳስ ኮንስ የሚባለው ትልቅ የቤት ዕቃ ሻጭ በፈረንጆች ሐምሌ 2024 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመልክቶ መደብሮቹን ዘጋ። ሚሺጋን ውስጥ አርት ቫን በመጋቢት 2020 እንዲሁ ሆነ። ስለዚህ ውሉ ላይ ያለው ስም የመደብሩ ነው ወይስ የሌላ ኩባንያ፣ መደብሩ ቢዘጋስ ምን ይደረጋል የሚለውን ሳታነብቢ አትፈርሚ።

ሻጩ “ጨርቁን መከላከያ እንረጭልሻለን” ካለሽም ምን እንደሆነ ጠይቂው። እንዲህ ያለውን መርጫ ዝነኛ ያደረገው ጎረቤታችሁ ሜፕልዉድ ያለው ስሪ ኤም (3M) የሚባለው ኩባንያ ነው፤ ስኮችጋርድ የሚባለው መርጫ የእሱ ነው። ከእነዚህ መርጫዎች ብዙዎቹ ፒፋስ በሚባሉት፣ ከአፈርና ከውሃ በማይጠፉት ኬሚካሎች ይሠሩ ነበር። ሚኒሶታ ከጥር 2025 ጀምሮ ፒፋስ ሆን ተብሎ የተጨመረበት የጨርቅ መርጫም ሆነ ሶፋ እንዳይሸጥ ከልክላለች። በዚህስ ግዛታችሁን አመሰግናለሁ።

አሁን ወደሚጠቅምሽ ልምጣ። የመቀመጫውን ትራስ አንሺና ከሥሩ የተሰፋችውን ትንሽ የምልክት ጨርቅ ፈልጊ። ደብልዩ የሚል ፊደል ካለባት በውሃ በተሠራ ማጽጃ ይጸዳል። ኤስ ከሆነ ውሃ አይንካው፤ በደረቅ እጥበት ፈሳሽ ብቻ ነው። ሁለቱም ካሉ በሁለቱም ይሆናል። ኤክስ ካየሽ ግን ሶፋውን ራሱን ተዪው፤ አቧራውን በማሽን ከመምጠጥ ሌላ ምንም አይፈቀድም፣ ብዙ የጥበቃ ውሎችም አይቀበሉትም። ወጥ የሚበላበት ቤት በርበሬና ዘይት አንድ ቀን መፍሰሱ አይቀርም። ያኔ አትሺው፤ በነጭ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጊው፣ ጨርቁ ይምጠጠው። 250 ዶላሩን ልብሱ ተፈትቶ የሚታጠብ ወይም ስፖንጁ ጠንከር ያለ ሶፋ ላይ ጨምሪው። የተረፈውን አስቀምጪ፤ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያጥብ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ከውሉ ዋጋ ባነሰ ይሠራልሻል። እናቶቻችን በዳንቴል ሸፍነው ሳሎኑን ለእንግዳ ብቻ ሲከፍቱ እንስቅባቸው ነበር፤ ዳንቴሉ ግን የካሳ ጥያቄ አይከለክልም።

ውሉ የሚያዋጣው ሰው የለም አልልሽም። ውድ የሆነ ነጭ ሶፋ ያለው፣ ትንንሽ ልጆች የሚያሳድግ፣ ደረሰኙን በፋይል የሚያስቀምጥ፣ ቡናው በፈሰሰ ማግስት የሚደውል ሰው ይጠቀምበታል። አንቺ ግን ፓስፖርትሽን ማቀዝቀዣው ላይ ረስተሽ ቤቱን ሁሉ ያተራመስሽ ሰው ነሽ! ምናልባት ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ከፍለሽ ከሆነም አትጨነቂ። አብዛኞቹ ውሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተሰረዙ ገንዘቡን ይመልሳሉ፤ “ስረዛ” የሚለውን አንቀጽ አይተሽ በጽሑፍ አመልክቺ።

ቅዳሜ ከመሄድሽ በፊት የዚያችን ጨርቅ ፎቶ ላኪልኝ፤ የውሉንም ወረቀት ከሰጡሽ ጨምሪው፣ አብረን እናነበዋለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሻለሁ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

ያንቺው እህት