ልጆቻችሁ ዋርድ ሊገቡ ነው

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የሕክምና ተማሪ ልጆቻችሁ ከክፍል ወጥተው ሊማሩ ዋርድ፣ ማለትም የሆስፒታል ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል፣ ይገባሉ። እስካሁን የሰውን አካል የሚያውቁት ከመጽሐፍና ከአናቶሚ ክፍል ነው። አሁን የሚያመው፣ የሚፈራ፣ አንዳንዴም የሚቆጣ ሰው ፊት ይቆማሉ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ማታ ሲመጡ "ዛሬ ማንን አያችሁ? ምን ሆኖ ነው?" ብላችሁ አትጠይቋቸው።

በክፋት እንደማትጠይቁ አውቃለሁ። የልጅን ውሎ መጠየቅ ያለ ነው። ግን ታካሚው ገመናውን የነገራቸው ሊታከም ብሎ ነው። ስሙ ባይጠራም ሥራውንና ሰፈሩን መናገር ብቻ ማንነቱን ያሳብቃል። ይልቅ "ምን ከበዳችሁ?" በሏቸው። የመጀመሪያ ሞት ያዩ ዕለት ምናልባት ምንም አይመልሱ ይሆናል። እራት አቅርባችሁ ዝም ብላችሁ አብራችኋቸው ተቀመጡ።

ሌላው፣ "ዶክተር" የምትሏቸውን ነገር ለጊዜው ተዉት። (ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የምትሏቸው እንዳላችሁ ሰምቻለሁ!) ዋርድ ውስጥ የመጀመሪያ ቃላቸው "ተማሪ ነኝ፣ ልመርምርዎት ይፈቅዱልኛል?" መሆን አለበት። ታካሚው እምቢ ካለ አለቀ፤ ሕክምናው በዚህ ምክንያት አይጓደልም። ቤት ውስጥ ዶክተር ሲባል የከረመ ልጅ ግን "ተማሪ ነኝ" ማለት ይተናነቀዋል።

ተማሪዎች አንድ ዋርድ ሲጨርሱ ያዩትን እንዲጽፉ እናደርጋለን። አንዱ የጻፈው ከአእምሮዬ አልጠፋም። የአንዲት ታካሚን ሆድ ሦስት ተማሪዎች ዳስሰው ነበር። አራተኛው እሱ ነው። "ልጄ፣ ደከመኝ" አለችው። ጓንቱን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። "የዚያን ቀን ጉበት መዳሰስ ሳልማር ቀረሁ" ይላል፣ ትንሽ ቆጨት ብሎት። መቆጨቱን ወደድኩት። መማሩንም፣ እሷን አለማድከሙንም ይፈልጋል ማለት ነው። ብዙዎቹ የሚጨነቁት በነዚህ በሁለቱ መሃል ነው።

ምርምር ላይ ግን ትንሽ እንጣላለን። "ለመመረቂያ ነው" ብለው መጠይቅ በችኮላ የሚያስሞሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በአሜሪካ፣ ቱስኪጊ፣ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች የሚታከሙ እየመሰላቸው ሲጠኑ ኖሩ። ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። ይህን ስናስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። በማግስቱ ግን የፈቃድ ቅጹን ሳያስረዳ ታካሚ የሚያስፈርም ይገኛል። እንዲህ የተሰበሰበ መረጃ እንጥላለን። ልጃችሁ "ስንት የለፋሁበትን ጣሉብኝ" ቢላችሁ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ የቀረኝ የጋዋኑ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን መርምረው በዚያው እጃቸው ወደ ማዋለጃ ክፍል ይገቡ ነበር። ዶክተር ኢግናዝ ሴሜልዌይስ በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ የወላዶች ሞት በእጅጉ ቀነሰ። ጋዋንም እንደ እጅ በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ልጆቻችሁ ለብሰውት ከመጡ በር ላይ አስወልቋቸው። ከሌላ ልብስ ጋርም አትጠቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር