የቅሬታ ደብዳቤ፦ ክፍሌን ሳታዩ ስለሸጣችሁልኝ ስፒከር

መጋቢት 2016 ዓ.ም.
ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለሳሎኔ የማይሆን ስፒከር ስለተሸጠልኝና የከፈልኩበት የድምፅ ማስተካከያ ስላልተሠራልኝ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ከሱቃችሁ መሬት ላይ የሚቆሙ ሁለት ረጃጅም ስፒከሮችን ከነአምፕሊፋየራቸው ገዝቻለሁ። ደረሰኙ ላይ ከዕቃው ዋጋ ሌላ «ገጠማና የድምፅ ማስተካከያ» ተብሎ ለብቻው የተጻፈ ክፍያ አለ። እሱንም ከፍያለሁ።

ስፒከሮቹ አልተበላሹም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሱቃችሁ በመጣሁ ቁጥር «ዕቃው ሰላም ነው» ስለምትሉኝ ነው። ሰላም መሆኑን አውቃለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስለ ክፍሌ ነግሬያችሁ፣ ክፍሌን ከቁም ነገር ሳትቆጥሩ ሸጣችሁልኝ።

ከመግዛቴ በፊት የሳሎኔን ልክ ወረቀት ላይ ጽፌ ለሻጩ ሰጥቻለሁ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የሳሎኑ ርዝመት 3.5 ሜትር፣ ወርዱም 3.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ በአንድ በኩል ሰፊ መስኮት አለ። «ይሄ ለዚህ ቤት አይበዛም ወይ?» ብዬም ጠይቄያለሁ። ያገኘሁት መልስ «ለየትኛውም ክፍል ይሆናል፤ ትልቅ ሲሆን ነው ጥሩ» የሚል ነበር። ማሳያ ክፍላችሁ ውስጥ ሲከፈት በእርግጥም ያምር ነበር። ያ ክፍል ግን ሰፊ ነው። ወለሉ ምንጣፍ ነው፣ ግድግዳው ጨርቅ ለብሷል፣ ስፒከሮቹም ከግድግዳው ራቅ ብለው ነው የቆሙት። ያኔ ሰምቼ የወደድኩት ድምፅ ግማሹ የክፍላችሁ ነበር።

እኔ ቤት ሲገባ ቤዙ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ቤዝ ጊታሩ አንድ ኖታ ላይ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ይንጎደጎዳል። ከዚያች ኖታ ትንሽ ወጣ ወይም ወረድ ሲል ደግሞ ይሳሳል። ሶፋው ግድግዳውን ተደግፎ ስለሚገኝ እዚያ ቁጭ ብዬ ስሰማ ደረቴን ይገፋኛል። ወንበር ስቤ ክፍሉ መሃል ስቀመጥ ያቺው ኖታ የለችም ማለት ይቻላል። ስፒከሩ ያው፣ ዘፈኑ ያው፣ ሁለት እርምጃ ስራመድ ድምፁ ሌላ።

ይህ በስሌት የሚታወቅ ነገር ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 49 ሄርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 49 ጊዜ የሚርገበገብ የቤዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 7 ሜትር ይረዝማል። ግማሹ 3.5 ሜትር ነው፤ ልክ የሳሎኔ ስፋት። ስለዚህ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደረባል። ግድግዳው ጋ ያብጣል፣ መሃል ላይ ይሞታል። 49 ሄርዝ ማለት ደግሞ ቤዝ ጊታር ላይ፣ ከወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ የሚገኘው ሶል ነው። ቤዝ ተጫዋች ሲያዘወትረው የሚውል ኖታ ነው። የክፍሉ ርዝመትና ወርድ እኩል ስለሆኑ ችግሩ በሁለቱም በኩል እዚያው ኖታ ላይ ይወድቃል። ካሬ ክፍል ለስፒከር ከባድ መሆኑን ልኩን ያየ ባለሙያ ወዲያው ማወቅ ነበረበት።

አሁን ወደ «ገጠማና የድምፅ ማስተካከያ» ልምጣ። የመጣው ቴክኒሻን ትሁት ልጅ ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እናንተ ግን የላካችሁት ገመድ እንዲቀጥል ብቻ ነው። ስፒከሮቹን ሁለቱ ማዕዘኖች ውስጥ ሸጉጦ አቆማቸው። የቤዝ መተንፈሻ ቀዳዳቸው በጀርባቸው በኩል ነው፤ ከግድግዳው ጋር አንድ ስንዝር እንኳ አይራራቁም። ስፒከር ግድግዳ ሲጠጋ ቤዙ ይጨምራል። ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ ተባብረው ይብሱን ያሳብጡታል። ይህ የተደረገው ቀድሞውኑ ቤዝ በሚያብጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው የአምራቹ መመሪያ እንኳ ከግድግዳ አርቃችሁ አቁሙት ይላል። የት ቁጭ ብዬ እንደምሰማ ማንም አልጠየቀኝም። አንድም ዘፈን እስከ መጨረሻው አልተደመጠም።

ከቤዙ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የበገናው ነገር ነው። ጾም ስለሆነ ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ የሚከፈተው በብዛት በገና ነው። የበገና ውበቱ ንዝረቱ ላይ ነው። ክሩ ሥር ያለችው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ ክሩን እየነካች ያንን እዝዝ የሚል ድምፅ ታወጣለች። ደርዳሪው ደግሞ በዝግታ፣ ቃሉን እየመጠነ ያዜማል። በእኔ ሳሎን ሴራሚኩ፣ መስታወቱና ልስኑ ድምፁን እየተቀባበሉ ንዝረቱን ከቃሉ ጋር ያደባልቁታል። እጄን ሳጨበጭብ እንኳ ግድግዳዎቹ መሃል ዝርርር የሚል ማስተጋባት ይሰማል። እናቴ «ቃሉ አይሰማኝም» ብላ ወደ ድሮው ሬዲዮዋ ተመልሳለች። እሷ እንድትሰማበት ብዬ ነበር የገዛሁት።

ወፍራም ምንጣፍ፣ ከበድ ያለ መጋረጃ፣ መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ ይህን ማስተጋባት በጣም ይቀንሱታል። አንድ ሰው ሱቅ ውስጥ ቢነግረኝ ኖሮ ከበጀቴ ላይ ለእነሱ አስቀር ነበር። እውቀቱም አዲስ አይደለም። የሃርቫርዱ መምህር ዋላስ ሳቢን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1895 ጀምሮ የመቀመጫ ትራሶችን ወደሚያስተጋባ አዳራሽ እያስገባ ማስተጋባቱ ስንት እንደሚያጥር ለክቷል። «የድምፅ ማስተካከያ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ይህን ማወቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ሳስረዳ የቀረበልኝ መፍትሔ ሌላ ዕቃ መግዛት ነው። መጀመሪያ የበለጠ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር፣ ቀጥሎ ኢኳላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ። ጉልበት ቢጨመር ያቺው ኖታ ይበልጥ ትጮሃለች እንጂ አትስተካከልም። ኢኳላይዘር ያበጠውን ሊቀንስ ይችላል፣ አልክድም። መሃል ላይ የሞተውን ግን አያስነሳም፤ ድምፁ ሲጨመር ከግድግዳው የሚመለሰውም እኩል ጨምሮ ያጠፋዋል። ከዚያ ወዲያ የተሰጠኝ መልስ «ጆሮህ ነው» የሚል ነበር። ለደንበኛ እንዲህ አይባልም። ከታች ያሉት ጎረቤቶቼም፣ ቤዙ በሶሌታው በኩል የሚወርድባቸው፣ ጆሯቸው ነው ልትሉ አትችሉም።

የምጠይቀው ስፒከሮቹን ወስዳችሁ ከዚያው አምራች ትንንሾቹን፣ በማስቀመጫ ላይ የሚቆሙትን እንድትቀይሩልኝና የዋጋውን ልዩነት እንድትመልሱልኝ ነው። እነሱ ያን ያህል ወፍራም ቤዝ ስለማያወጡ ለእንደኔ ያለ ክፍል ይስማማሉ። ካርቶኑና ፎሙ በሙሉ እጄ ላይ ነው፤ ዕቃው ላይ ጭረት የለም። የድምፅ ማስተካከያውን ክፍያ ወይ መልሱልኝ፣ ወይ ሥራውን ሥሩት። መለኪያ ማይክሮፎን የያዘ፣ የት እንደምቀመጥ የሚጠይቅ፣ ስፒከሮቹን እያንቀሳቀሰ የሚያዳምጥ ሰው ላኩልኝ። ሻጮቻችሁም ከእንግዲህ ደንበኛ የክፍሉን ልክ ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን እንዲያነቡ አድርጉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። እኔ ጠይቄ ትክክል ያልሆነ መልስ ነው ያገኘሁት። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁኝ ጉዳዩን ለንግድ ቢሮ አቀርባለሁ። የደረሰኙ ቅጂ፣ የሳሎኑ ንድፍና ስልክ ቁጥሬ አብረው ተያይዘዋል። ማታ ማታና ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤት ስለምገኝ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ