ለወላጆች ኮሚቴ አባላት፦ ስለ ክርስቲያናዊ በዓላትና ስለ ጠዋቱ ጸሎት

የተከበራችሁ አባላት፣

የትምህርት ቤታችን ክርስቲያናዊ ልማዶች የሌላ እምነት ልጆችን ሳያስገድዱ እንዲቀጥሉ የውሳኔ ሐሳብ ለማዘጋጀት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ እንሰበሰባለን።

አንደኛው ጉዳይ ቀላል ነው፤ ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ልደትን በአንድ ቀን ስለማያከብሩ (አብዛኞቹ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ዲሴምበር 25፣ በጁልያን አቆጣጠር የሚመሩ ኦርቶዶክሳውያን ደግሞ ከ13 ቀን በኋላ ጃንዋሪ 7)፣ በሁለቱም ቀናት ፈተና እንዳይኖር እንጠይቃለን።

ከበድ የሚለው የጠዋቱ ጸሎት ነው። «አባታችን ሆይ» ሲደገም አንዲት ሙስሊም ተማሪ እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷት ደብተሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ ስትቆም አይቻለሁ። በእኔ አስተያየት መድገሙ ቀርቶ መገኘቱም በልጁና በወላጆቹ ፈቃድ መሆን አለበት።

የልጆቻችሁን ሐሳብ በጽሑፍ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ መገኘት አለመገኘታችሁንም እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የኮሚቴው ጸሐፊ